አሥራ ስምንት ካውያ

አባቴ የሚተነፍሰው በሶኬት ነው። እንዲህ ስል ሰው ይደነግጣል፤ እኔ ግን ሁለት ዓመት ስለኖርኩበት ለምጄዋለሁ። አልጋው አጠገብ የሻንጣ ቁመት ያለው የኦክስጅን ማሽን አለ። ቀን ከሌት እያጉረመረመ ከክፍሉ አየር ላይ ኦክስጅኑን ለይቶ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫው ይልክለታል። መብራት ሲሄድ ማሽኑ አንዴ ይጮህና ዝም ይላል። ያኔ የመጠባበቂያውን ሲሊንደር እከፍታለሁ፤ እሱ ደግሞ ሙሉ ሆኖ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግዜር ጉዳይ ነው።

ሰፈሩ አባቴን ጋሽ ሚዛን ነው የሚለው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበር። ገበያ ለገበያ እየዞረ የነጋዴውን ሚዛን በራሱ የነሐስ ክብደቶች ይፈትሻል፣ የጎደለውን ያሽጋል። ለዘመድ አያዳላም፤ የገዛ አጎቴን ሱቅ ሁለት ጊዜ አሽጎበታል። ከንግግሩ ሁሉ የማልረሳው “መለኪያ የያዘ ሰው ያየውን ይናገራል” የሚለውን ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን ሳሎን ውስጥ ተክዬ በአንድ ጆሮዬ መርፌዬን፣ በሌላው የአባቴን ማሽን እያዳመጥኩ እውላለሁ።

ድሮ፣ ማለትም ሰው ሳይደርስልን በፊት፣ ችግሩ መላ ነበረው። ከሕንፃችን ሥር ያለው ፀጉር ቆራጭ አንድ ሰው በሁለት እጁ የሚያነሳት ትንሽ ቀይ የቤንዚን ጄኔሬተር አለችው። መብራት ሲሄድ ገመዷን ይስባል፤ እኔ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ሲባጎ እለቃለሁ፤ እሱ የኤሌክትሪክ ገመዱን ያስርልኛል፤ ወደ ላይ እጎትታለሁ። የእሱ ቶንዶስና የአባቴ አፍንጫ በአንዲት ጄኔሬተር ይሠራሉ። ጩኸቷ ጆሮ ይበጥሳል፣ ጭሷ ያስነጥሳል፣ ግን በሦስት ደቂቃ ውስጥ አባቴ ይተነፍሳል።

ይህ ጥሩ ነገር ዓይን ውስጥ ገባ። የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ቆሻሻ ሊጥል ሲወርድ እንኳ ክራቫቱን የማይፈታ ሰው ነው። ጎረቤት ያለው ሕንፃ መቶ ኬቪኤ ጉልበት ያለው ጄኔሬተር የገዛ ሰሞን እንቅልፍ አጣ። ከዚያ የሚበልጥ እንዲገዛ ምክንያት ይፈልግ ነበር፤ አባቴን አገኘ።

ጉባኤ ጠርቶ “የአንድ አባታችን ትንፋሽ በፀጉር ቆራጭ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ እኛ እንዴት እንቅልፍ ይወስደናል?” አለ። ሰው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ያኔ ያፈሰስኩትን እንባ ዛሬ መልሱልኝ ብል ማን ይመልስልኛል? መዋጮው በእንባ መሃል ጸደቀ፤ በወሩ መቶ ሃምሳ ኬቪኤ ጄኔሬተር በክሬን ተንጠልጥሎ ግቢያችን ውስጥ አረፈ። አንድ ክፍል የሚያህል ነው። ወለሉ ሴራሚክ የሆነ፣ ግድግዳው ሁለት ጊዜ የተቀባ ቤት ተሠራለት። ከእኔ ሳሎን ይሻላል ብል አላጋነንኩም። በሩ ላይ በወርቃማ ፊደል “ለጋሽ ሚዛን ትንፋሽ መታሰቢያ” የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ።

የምረቃው ቀን አባቴን በወንበር ተሸክመው አወረዱትና ሪባን አስቆረጡት። ሰሌዳውን አነበበና ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ።

“መታሰቢያ? ሞቼ ነው እንዴ?”

“አይ ጋሼ፣ ለወደፊቱም እንዲያገለግል ብለን ነው እንጂ” አለ ሊቀመንበሩ።

በዚያው ቀን ከሻጩ ድርጅት የመጣው መካኒክ ስለ አያያዙ ሲያስረዳ፣ ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤውን ራሱ ይጽፍ ነበር። መካኒኩ እንዳለው ትልቅ የናፍጣ ሞተር በትንሽ ጭነት፣ ማለት ጥቂት ዕቃ ብቻ ተሰክቶበት፣ ሲሠራ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፤ ጥቀርሻ ይሞላውና ይበላሻል። በማግስቱ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ሁለት ደንብ ተጻፈ። አንደኛው “ከሠላሳ በመቶ ጭነት በታች ማስነሳት ፈጽሞ ክልክል ነው” ይላል። ሁለተኛው “ማንኛውም አነስተኛና ጩኸታም ጄኔሬተር ከግቢው ታግዷል” ይላል። ፀጉር ቆራጩ ቀይዋን ጄኔሬተር በአንሶላ ሸፍኖ ከመስታወቱ ጀርባ አስቀመጣት። ከመስኮት የሚንጠለጠለው ሽቦ የሕንፃውን መልክ ያበላሻል ስለተባለ ሲባጎዬንም ሰበሰብኩ።

ከዚያ በኋላ መብራት በሄደ በመጀመሪያው ቀን ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። ሠርግ የተጠራሁ ነበር የምመስለው። በሩ ላይ ኦፕሬተሩ ቆሟል። ለሥራው ብሎ የባሕረኛ ኮፍያ ገዝቶ ስለሚያደርግ ካፒቴን ነው የምንለው።

“ካፒቴን፣ አስነሳልኝ እንጂ! መብራት ሄዷል!”

“ሎድ አለ?”

“የምን ሎድ?”

“ጭነት ነዋ። የጋሼ ማሽን ስንት ዋት ነው የሚበላው?”

“ሦስት መቶ ሃምሳ።”

ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አዘነልኝ። “እህቴ፣ እሱማ ለሷ ዝንብ ማለት ነው። እሷ መቶ ሃያ ኪሎዋት ናት፤ እንድትነሳ ቢያንስ ሠላሳ ስድስት ኪሎዋት ሊጠብቃት ይገባል። ደንቡን አይተሽዋል።”

“ይሄ በካውያ ስንት ይሆናል?” አልኩት። ልብስ ሰፊ ሌላ ምን ትጠይቃለች።

በጣቱ ቆጠረ። “ባለ ሁለት ሺህ ዋት ከሆነ፣ አሥራ ስምንት።”

እንግዲህ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ሕንፃው ሃያ አራት ቤት ነው። አባቴን ከሲሊንደሩ ጋር ትቼ ከታች እስከ ላይ በር አንኳኳሁ። “እባካችሁ ካውያ ሰኩልኝ! አባባ እንዲተነፍስ ካውያ ሰኩልኝ!” ገሚሱ ያበድኩ መስሎት በሩን በሰንሰለት እንዳሰረ ሰማኝ። ገሚሱ ግን ሰካልኝ። ካውያ የሌለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ከፈተ፣ ቦይለር አበራ። በአርባ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ሞላልኝና ያ ዝሆን አጓራ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ የእኛ ካውያ ሲያብር ጄኔሬተር ያስነሳል።

ኑሯችን በዚሁ ተደራጀ። መብራት ሲሄድ በመስኮት ብቅ ብዬ የድስት ክዳን በጭልፋ እደበድባለሁ፤ የሰማ ሁሉ ካውያውን ይሰካል። የጦር መሪያችን አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ካውያ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው በዚያን ጊዜ ነው። ባዶ ካውያ መሰካት ሌብነት ይመስላቸዋል፤ የተሰካ እንደሆነ የግድ መተኮስ አለበት። የሚተኮሰው ሲያልቅባቸው ካልሲ ተኮሱ፣ መጋረጃ ተኮሱ፣ በመጨረሻ የባላቸውን ጋዜጣ ተኮሱ። አምስተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ “የሚተኮስ ልብስ የለኝም” ብሎ ሲለግምብኝ የደንበኞቼን ልብስ ተሸክሜ ወጥቼ ሰጠሁት። በአጭሩ የውስጥ ሱሪው ሳይቀር የተተኮሰለት የእኛ ሕንፃ ሰው ብቻ ነበር። ሊቀመንበሩም በወር ሪፖርቱ “ጄኔሬተሩ የነዋሪውን አለባበስ በከፍተኛ ደረጃ አሻሽሏል” ብሎ ጻፈ።

አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቁሜ ለመንኩት። “እባክዎ፣ ለአባባ ብቻ ደንቡን ያንሱልን። በስሙ አይደለም የተገዛው?”

አሰበ። ክራቫቱን አስተካከለ። “ለምን ጋሼ ሁለት ሦስት ማሽን አይጠቀሙም? ጭነቱ ያድግ ነበር እኮ።”

“አፍንጫው አንድ ነው” አልኩት።

“እሱ ነው ችግሩ” አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ።

ይህን ለአባቴ ስነግረው በጣም ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ሳሉ ሲበርድለት “ዕድሜዬን ሙሉ ሚዛን ጎደለ እያልኩ ሰው ስቀጣ ኖሬ፣ ይኸው እኔው ጎደልኩ” አለ። ቀልዱን ነበር። እኔ ግን ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ያ የፈራሁት ቀን ማክሰኞ ረፋድ ላይ መጣ። ሲሊንደሩ የሰኞ ዕለት መብራት መጥፋት ጨርሶት የመለኪያው መርፌ ቀዩ ላይ ተኝቷል፤ የሚሞላበት ቦታ ደግሞ ከተማው ማዶ ነው። ማሽኑ ጮኸና ዝም አለ። ክዳኔን ደበደብኩ፣ ደበደብኩ። ማክሰኞ በአራት ሰዓት ማን ቤት ይገኛል? ሰው ሁሉ ሥራ ነው። “ሰክቻለሁ ልጄ! ሰክቻለሁ!” የሚለው የእትዬ ካውያ ድምፅ ብቻ ከላይ መጣ። የእሳቸው ካውያና ምድጃ፣ የእኔ ካውያና ምድጃ፤ ሁሉም ተደምሮ ከአምስት ካውያ አይበልጥም።

ካፒቴን ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። “ቁልፉ ሊቀመንበሩ ጋ ነው። በልጆቼ እምልልሻለሁ፣ እኔ ጋ ቢሆን…” አለ። ለሊቀመንበሩ ደወልኩ።

“ስብሰባ ላይ ነኝ” አለ በሹክሹክታ።

“ሲሊንደሩ አልቋል። አባቴ እየሞተ ነው።”

“ስሜትሽን እረዳለሁ እህቴ። ግን የሃያ አራት አባወራ ንብረት ነው። አንዴ ደንብ ከተጣሰ ልማድ ይሆናል። ሞተሩም እኮ ይሞታል።”

ስልኩን አልዘጋሁትም፤ ደረጃው ላይ ወርውሬው ሮጥኩ። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ በትከሻው ይተነፍሳል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ጣቱ ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ሰባ ስድስት ይላል። ሐኪሙ “ከሰማንያ ስምንት እንዳይወርድ” ብሎን ነበር። ደረቱን በልብስ አራግብለት ጀመር። እግዜር ይየው፣ ያለኝ ነገር መርፌና ክር፣ ካውያና መቀስ ብቻ ነበር።

በሩ በእግር ተመትቶ ተከፈተ። ፀጉር ቆራጩ ቀይዋን ጄኔሬተር ትከሻው ላይ ተሸክሞ ገባ። ከኋላው አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ የታሰረለት፣ ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛው የቤንዚን ጀሪካን ይዞ ይከተለዋል። “ክዳኑን ስሰማ ጠበቅሁ፤ የዝሆኑ ድምፅ ሲጠፋብኝ…” አለ ፀጉር ቆራጩ፤ ከዚያ በላይ አልተነፈሰም። ሰገነት ላይ አስቀመጣትና ገመዷን ሳበ። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ተነሳች። ሰባ ስድስት የነበረው ሰማንያ ሆነ፣ ሰማንያ አምስት ሆነ፣ ዘጠና ሆነ። አባቴ ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው ያንን ግማሽ ራስ ነው።

“ለዚህ ሰው ጨርስለት እንጂ” አለ።

ፀጉር ቆራጩም ቶንዶሱን ከአባቴ ማሽን ጎን ሰክቶ ሳሎኔ ውስጥ፣ የስፌት ወንበሬ ላይ አስቀምጦ ጨረሰለት።

በማግስቱ ለፀጉር ቆራጩ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ለእሑድ ከሰዓት ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። አጀንዳ አንድ የጄኔሬተሩ የስድስት ወር የሥራ ሪፖርት፣ አጀንዳ ሁለት የደንብ ጥሰት። ቅዳሜ ዕለት ያ መካኒክ ዘይት ሊቀይር መጣ። በሩ ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ ሲያነብ አገኘሁት፤ እየሳቀ ነበር።

“ይሄን ማን ጻፈው? እኔ ለረጅም ጊዜ በትንሽ ጭነት አታሠሩት ነው ያልኩት። በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ቢሠራ ምን ይሆናል? በወር አንዴ ከባድ ጭነት ሰጥታችሁ ጥቀርሻውን ማራገፍ ነው።”

“ለአንድ ሰው ማሽን ብቻ ቢነሳስ?”

“ይነሳል። ለዚሁ አይደል እንዴ የተገዛው?”

የሳቀው እሱ ብቻ ነው። ለስድስት ወር ደረጃ ለደረጃ የሮጥኩት፣ ሰው በር ላይ የተንበረከክሁት፣ ሊቀመንበሩ ሲጽፍ በዘለላት “ለረጅም ጊዜ” በምትል አንዲት ሐረግ ምክንያት ነው። ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። እንደ እኔ ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን “ለጉባኤው አውርዱኝ” አለ።

እሑድ ከሰዓት ጉባኤው ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። መብራት እንደ ልማዱ የለም። ነዋሪው ሁሉ ታች ስለሆነ ካውያ የሚሰካ የለም፤ ስለዚህ ያ ትልቁ ከነሰሌዳው ዝም ብሏል። አባቴ በወንበሩ ተቀምጧል፣ ማሽኑ ከጎኑ ነው፣ ደንብ ተጥሶም ቢሆን ቀይዋ ጄኔሬተር ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ትንጣጣለች። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ዘርግቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከሁለተኛው ረድፍ በኋላ ያለ ሰው ምንም አይሰማም።

“እባካችሁ!” አለ ጮሆ። “ያቺን ጩኸታም ለአምስት ደቂቃ አጥፉልኝ! ሪፖርቱ ስለ ጋሼ ትንፋሽ ነው፤ መሰማት አለበት!”

ሳቅ የጠበቅሁ ነበርኩ። አንድም ሰው አልሳቀም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ራሱን ነቀነቀ። ልናገር ብድግ ስል አባቴ ቀሚሴን ያዘና ወደ ፀጉር ቆራጩ ዞረ።

“አጥፋት” አለው።

“ጋሼ…”

“አጥፋት አልኩህ።”

አጠፋት። ግቢው ጸጥ አለ። የአባቴ ማሽን አንዴ ጮኸና ዝም አለ። አባቴ ከኪሱ መለኪያውን አውጥቶ ጣቱ ላይ ሰካ፤ እጁንም ወደ ሊቀመንበሩ ዘረጋ።

“ሪፖርትህን ታነባለህ፣ ልጄ። መጀመሪያ ግን ይህን አንብብልን። ጮክ በል።”

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ አጀንዳ ውስጥ…”

“መለኪያ ነው። መለኪያ የያዘ ሰው ያየውን ይናገራል።”

ሊቀመንበሩ ጎንበስ አለ። “ዘጠና ሦስት” አለ በሪፖርት ድምፁ። ሰው ጠበቀ። “ዘጠና አንድ።” ቀና ሊል ሲል አባቴ ጣቱን አነቃነቀበት። “ዘጠና። ሰማንያ ስምንት።”

“አሁን ሪፖርትህን” አለ አባቴ።

“ባለፉት ስድስት ወራት ጄኔሬተራችን በተደረገለት ጥንቃቄ ከማናቸውም ብልሽት…”

“ቁጥሩን።”

“ሰማንያ አራት።”

እትዬ ካውያ “ኧረ በፈጣሪ!” ብለው ተነሡ። እኔ ልሮጥ ብልም የአባቴ እጅ ቀሚሴን አልለቀቀም። ያ እጅ ምን ያህል ጥንካሬ እንደነበረው ዛሬም ይገርመኛል። ትከሻው መነሣትና መውደቅ ጀምሯል። ትንፋሹ ሲገባም ሲወጣም ሃያ አራት አባወራ ይሰማዋል፤ እንደዚያ ሆኖ ሲሰሙት የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ በፊት የሚያውቁት የእኔን ክዳን ነበር።

“ሰማንያ አንድ” አለ ሊቀመንበሩ። ድምፁ ቀጥኗል። “ጋሼ፣ ይበቃል። ሰባ ዘጠኝ። ጋሼ!”

“ስንት ሲሆን ነው…” አለ አባቴ። በየቃሉ መሃል ይተነፍሳል። “ስንት ሲሆን ነው… ያ ትልቁ የሚነሳው? ሠላሳ… በመቶ ነው ያልከው?”

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ጣለው። ሮጦ ቀይዋን ጄኔሬተር ያዘና ገመዷን ሳበ። አልተነሳችም። እንደገና ሳበ። ክራቫቱ ከገመዱ ጋር ተጠላለፈ፤ በጥርሱ እየጎተተ ሳበ። “ምን ሆነች? ምን ሆነች?” ይላል፤ ፊቱ በላብ ተጠምቋል። ፀጉር ቆራጩ ጎንበስ ብሎ የቤንዚኑን ቧንቧ ከፈተለትና እጁን በእጁ ላይ አድርጎ አብረው ሳቡ። ተነሳች። የአባቴም ማሽን አንዴ ጮኸና ማጉረምረም ጀመረ።

የአባቴ እጅ ቀሚሴን ለቀቀ። ካፒቴን የባሕረኛ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። እትዬ ካውያ ሄደው በሩ ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ በጥፍራቸው ይፍቁ ጀመር፤ ጽሑፉም እንደ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ስለተቀባ እንቢ አላቸው።

ሊቀመንበሩ ተመልሶ አባቴ እግር ሥር ተንበረከከ። በቃ ያለው ሰው ስለሌለ፣ ጣቱን በሁለት እጁ ይዞ ማንበቡን ቀጠለ። “ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያ ሁለት። ሰማንያ ስድስት።” በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የሚለውን ማንም አይሰማም። አባቴ ግን አፉን እያየ በየቁጥሩ ራሱን ይነቀንቅለት ነበር። ዘጠና ሲደርስ ጣቱን ከእጁ አስለቀቀና መለኪያውን ኪሱ ከተተ።